ሽማግሎቹ በሚኒባስ ሄዱ፣ መኪናው ጫጫ ቀረ

የዛሬው ጨዋታዬ የመንገድ ነው። አንኮበር ልንገባ ተነስተን ጫጫ ላይ ስለቀረንበት ጉዞ ነው የማወጋችሁ። አዲስ ፎር ዊል መኪና የገዛችሁ፣ ለመግዛት እቁብ የገባችሁ፣ ወይም እንደ እኔ በሰው መኪና ጋቢና ተቀምጣችሁ ምክር የምትሰጡ ሁሉ ብታነቡት አትከስሩም።

ነገሩ የሆነው በ2015 ዓ.ም. ጥር ውስጥ፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ቅዳሜ ነው። የአጎቴ ልጅ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ልጅቷ የምትሠራው አዲስ አበባ ነው፤ ቤተሰቦቿ ግን አንኮበር ወረዳ፣ ጎረቤላ አካባቢ ናቸው። አባትየው ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዱ፣ የደሴንም የአሰብንም መንገድ እንደ ጓዳቸው የሚያውቁ ሰው ናቸው። እንግዲህ የአጎቴ ልጅ «እኚህ ሰው ደጅ ባዶዬን አልቆምም» አለና የስድስት ዓመት ቁጠባውን፣ የእቁብ ዕጣውንና ከዘመድ የተበደረውን ጠቅልሎ አዲስ ፎር ዊል ጂፕ ገዛ። ስሙን አልጠራውም። ያገለገለ ለምን አልገዛም የሚል ካለ፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ ታክሱን ስለቆለለበት ብዙ ሰው «እንግዲያው አዲሱን» ማለት ጀምሮ ነበር።

«በዚህ ዘመን ማንዋል?»

እጮኛው ገና ሳይገዛ «ማንዋል ይሁን» ብላው ነበር። «እኛ አገር መንገዱ ቁልቁለት ነው። ማንዋል ቢበላሽ የትም ይሠሩልሃል። አውቶማቲክ ቢበላሽ ማን ይነካዋል?» አለችው። እሱ ሳቀ። «በዚህ ዘመን ማንዋል? የመገናኛን መጨናነቅ በግራ እግሬ ስረግጠው ልዋል?»

እውነቱን ለመናገር ሁለቱም አልተሳሳቱም። ክርክሩ ግን ሦስት ሳምንት ፈጀ። ስለ ሠርጉ እንኳ እንዲህ አልተከራከሩም! በመጨረሻ አውቶማቲኩ ተገዛ። እሷም «እሺ፤ ግን ምን እንደገዛህ እወቀው» ብላ ነገሩን ዘጋችው። ይቺን አነጋገር ያዙልኝ።

ምን እንደገዛ አላወቀውማ! ከመኪናው ጋር አንድ ወፍራም የመመሪያ መጽሐፍ ተሰጥቶት ነበር። ከነፕላስቲኩ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ከዚያ በቀጥታ የሄደው ጌጥ ወደሚገጥሙ ልጆች ነው። ከፊት ወፍራም የብረት መከላከያ፣ ከላይ አራት መብራት፣ ከጎን መወጣጫ አስገጠመ። መኪናው ሲያልቅ ጦር ሜዳ የሚሄድ መሰለ። ሰውየው ግን መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ስምንት ወሩ ነበር።

አራቱም እግር አስፋልት ላይ

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ተነሳን። ከኋላ ሦስቱ ሽማግሎች አሉ። የሰፈራችን ቄስ፣ ጡረታ የወጡ መምህርና አባቴ ናቸው። ዕቅዱ ደብረ ብርሃን አድረን እሑድ በጠዋት ጎረቤላ መግባት ነው።

ለማያውቀው ልንገር። የደሴ መንገድ ከለገጣፎ ወጥቶ ሰንዳፋን፣ አለልቱን፣ ሸኖን እያለ በደጋው ሜዳ ላይ ይዘረጋል። ጫጫ የምትገኘው ከአዲስ አበባ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ደብረ ብርሃን ለመግባት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር ነው። የአንጎለላና ጠራ ወረዳ ከተማ ናት። በጥር አገሩ ወርቅማ ነው። ገብሱ ታጭዷል፣ ጭዱ ተከምሯል፣ አውድማው ላይ በሬዎች ይዞራሉ። በድንጋይ የተካቡ ቤቶች፣ የኩበት ክምር፣ ባሕር ዛፍ፣ በግ በበግ ላይ። ዓይን ይማርካል፤ ብርዱ ግን አይጣል ነው።

ሸኖን ልንደርስ ስንል የአጎቴ ልጅ «ይቺን ታያላችሁ?» አለና ትንሿን ማርሽ ጎተት አድርጎ ፎር ሃይ ላይ አስገባት። «አሁን አራቱም ጎማ እየሳበ ነው!» አለ። መንገዱ እኮ ደረቅና ቀጥ ያለ አስፋልት ነው! ቄሱ «እግዚአብሔር ይርዳው» አሉ። ማንን እንደሆነ አልገባኝም።

ጫጫ ስንደርስ ሽማግሎቹ ሻይ አማራቸው። ከመንገዱ ዳር ለማቆም መሪውን ሲጠመዝዝ መኪናው አቃሰተ። ወደፊት ሲለው ይንገጫገጫል፣ መሪው ይታገላል፣ ጎማው ይጮሃል። ትንሿን ማርሽ ሊመልሳት ሞከረ፤ ተነክሳ ቀረች። ሰውየው ላብ በላብ ሆነ። በዚያ ብርድ!

ለሻጮቹ ደወለ። «ማንም እንዳይነካው፤ ከተነካ ዋስትናው ይሰረዛል። ሰኞ አዲስ አበባ አምጣው» አሉት። «እንዴት አድርጌ ላምጣው?» «አስጭነህ።» ስልኩ ተዘጋ።

ጋሼ መጡ

ይሄን ጊዜ ከሻይ ቤቱ ጎን ካለች ጋራዥ፣ ጋራዥ ካልናት፣ አንድ ሽበት የጀመራቸው ሰው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መጡ። ባና ደርበው፣ ቱታቸው በዘይት ጠቁሯል። መኪናውን ሳይነኩ ዞር ዞር ብለው አዩና «አንተ ወንድም፣ አራቱንም እግር አስፋልት ላይ አስገብተህ መጣህ አይደል?» አሉ።

የአጎቴ ልጅ ዝም።

«ግባና መሪህን ቀጥ አድርገህ ወደ ኋላ ንዳው። ቀስ እያልክ።»

አምስት ስድስት ሜትር ወደ ኋላ ሄደ። ከሥር ‹ቋ!› የሚል ድምፅ ተሰማና ማርሿ በራሷ ላላች። ወደ ቱ ሃይ መለሳት። መኪናው እንደ በግ ገራም ሆነ። አላመንንም። «ስንት ልክፈል ጋሼ?» ሲላቸው «ለወደ ኋላ ገንዘብ አይከፈልም» ብለው ሳቁ።

ከዚያ ጣታቸውን ወደ አውድማው ቀሰሩ። «እነዚያን በሬዎች ታያቸዋለህ? የዳሩ በሬ ብዙ ይራመዳል፤ የመሀሉ ትንሽ። እኩል ተራመዱ ብትላቸው ገመዱ ይወጠርና ወይ ይበጠሳል ወይ በሬው ይወድቃል። ጎማም እንደዚሁ ነው። መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ይሄዳሉ። ጭቃና አሸዋ ላይ ጎማው ተንሸራቶ ልዩነቱን ያስተካክላል። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን የት ይንሸራተት? ሁሉም ውጥረት ካምቢዮህ ውስጥ ይጠራቀማል።»

አንባቢዬ፣ ይሄ ነገር በሁሉም ፎር ዊል ላይ አይሠራም። ከፊትና ከኋላ ጎማዎች መካከል ሌላ ዲፈረንሻል ያላቸው፣ ሁልጊዜ በአራት እግር እንዲሄዱ የተሠሩ መኪኖች አሉ። ሲያስፈልግ ብቻ ፎር ሃይ የሚገባላቸው ግን አስፋልት ላይ በሁለት እግር ነው የሚነዱት። የእናንተ የትኛው እንደሆነ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጣችሁት መጽሐፍ ይነግራችኋል።

ቀዩ ጠብታ

በዚህ አለቀ ብለን ሻያችንን ልንጠጣ ስንል ጋሼ ጎንበስ ብለው ከሥሩ ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። መሬቱ ላይ ቀይ ጠብታ አለ። በጣታቸው ነክተው አሸተቱት። «ይሄ የካምቢዮ ዘይት ነው። መንገድ ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አልጎተት ያለህ ጊዜ አልነበረም?»

ነበረ! ሸኖን ካለፍን በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲያ ብሏል። እኛ ግን ከፍታው ነው ብለን ነበር። ከፍታውም እኮ የራሱ ድርሻ አለው። ጫጫ ከባሕር ጠለል ከ2700 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ሲደርስ ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል። ከፍታ ግን ዘይት አያንጠባጥብም።

ጋሼ በጀርባቸው ተኝተው ገቡ። ቶሎ አገኙት። የአውቶማቲኩ ዘይት እየዞረ የሚቀዘቅዝበት ቱቦ ከፊት ራዲያተሩ ጋ ይገናኛል። መከላከያውን የገጠሙት ልጆች ብረቱ አላስገባ ሲላቸው ቱቦውን ገፋ አድርገው ማሰሪያውን አላልተውታል። ፋብሪካው አልበደለም፣ መንገዱም አልበደለም። በጌጡ ምክንያት ነው የሚፈሰው።

«ማሰሪያውን አሁን አጠብቀዋለሁ» አሉ ጋሼ። «የጎደለውን የምሞላበት ዘይት ግን እኔ ጋ የለም። ያገኘኸውን አትጨምርበትም፤ መጽሐፉ ላይ የተጻፈውን ዓይነት ነው የሚፈልገው። ደብረ ብርሃን ይገኛል። ዛሬ ግን መሽቷል።»

«ጋሼ፣ በዚሁ ቀስ ብዬ ብሄድስ? ነገ ጠዋት ሽማግሎቹ መድረስ አለባቸው...»

ጋሼ ቀና ብለው አዩት። «ወዴት ነው የምትሄደው?»

«አንኮበር።»

«ዘይቱ ጎድሎ ካምቢዮው መንሸራተት ከጀመረ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ አይዝልህም። የሚቀርህ ፍሬን ብቻ ነው። ከኋላህ ሦስት ሽማግሌ ጭነሃል። ልጄ፣ እዚህ መቆምህን እንደ ዕድል ቁጠረው።»

ሁላችንም ዝም አልን። ማሳየት አምሮት አራቱንም ጎማ ባያስገባ ኖሮ ጫጫ ላይ አንቆምም ነበር። ባንቆም ኖሮ ቀዩን ጠብታ የምናየው ቁልቁለቱ ላይ ሆነን ነው።

የአጎቴ ልጅ ግን አሁንም አልተዋጠለትም። «ሽማግሌ በሚኒባስ ተሳፍሮ ሲገባ ምን ይባላል?» አለ። ይሄኔ ዝምተኛው መምህር አፋቸውን ከፈቱ። «ልጄ፣ እኛ የምንለምነው ልጅቷን ነው። መኪናውን እንዲያዩልን የሚጠየቅ ሽማግሌ አይቼ አላውቅም። ደግሞም በባህላችን ሙሽራው አብሮ አይቀርብ። አንተም መኪናህም እዚሁ ቆዩ።»

ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ ሦስቱ ሽማግሎች ጋቢያቸውን አጣፍተው በሚኒባስ ወደ ደብረ ብርሃን ሄዱ። እኔና የአጎቴ ልጅ ጫጫ ቀረን።

የጫጫ ሌሊት

በጥር ጫጫ ያደረ ሰው ውርጭ ምን እንደሆነ ያውቃል። ሁለት ብርድ ልብስ ለብሼ እንኳ ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር። የደብረ ብርሃን አገር አረቄ ለምን ስመ ጥር እንደሆነ ያን ምሽት ገባኝ። ጋሼ ሱቃቸውን ዘግተው አብረውን ተቀመጡ። ቆሎ ቀረበ፣ ወሬው ደራ።

መቼም ጫጫ ቁጭ ብሎ ስለ መኪና ሲወራ ምኒልክን አለማንሳት አይቻልም። ንጉሠ ነገሥቱ የተወለዱት በ1836 ዓ.ም. ከዚሁ ሳይርቅ አንጎለላ ነው። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ የመጀመሪያዎቹን መኪኖች አንዱን አዲስ አበባ ድረስ ሲያመጣላቸው፣ እንደ ሌላው ሰው ገለል አላሉም፤ መንዳቱን ተማሩ። ጋሼ ይሄን ሲሰሙ «አየህ፣ ንጉሥ እንኳ ሲገዛ ይማራል» ብለው ወደ የአጎቴ ልጅ አዩ። ምስኪን! አረቄውን ጨለጠው።

ከዚያ ያ የሦስት ሳምንት ክርክር ተነሳ። ማንዋል ወይስ አውቶማቲክ? ጋሼ ማንዋል ይሻላል ይላሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን እንዲህ አሉ፦

«በማንዋሉ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኛቸው ፍሪሲዮን ነው። በአውቶማቲኩ የሚያገናኛቸው ዘይት ነው። አንዱ ማራገቢያ ዘይቱን ይወረውራል፣ ሌላው እየተቀበለ ይዞራል። ስለዚህ አውቶማቲኩ ድንጋይና ጭቃ ላይ ቀስ ብሎ ሲሳብ አይጠፋብህም፤ ዳገት ላይ ስትነሳ ወደ ኋላ ብዙ አይንሸራተትብህም፤ ጉልበቱም ሲነሳ ጥሩ ነው። ጀማሪ ሰው ማንዋል ይዞ ዳገት ላይ ፍሪሲዮን ሲያቃጥል ሽታው እዚህ ድረስ ይመጣል። ግን አውቶማቲኩ ሕይወቱ ዘይቱ ነው። ዘይቱ ከጎደለ ወይም ከጋለ አለቀለት፤ ጥገናውም ኪስ ይቀዳል። ማንዋሉ ችግሩን ቀስ እያለ ይነግርሃል፣ የትም መካኒክ ይፈታዋል። ባትሪ ቢሞትብህ ሰው ይገፋልሃል።»

«ታዲያ የቱ ይሻላል ጋሼ?»

«የምታውቀው ነዋ!»

ትንሽ ዝም አሉና የራሳቸውን ነገር አወጡ። ልጅ ሆነው የጭነት መኪና ረዳት ነበሩ። አንድ ሌሊት ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሲወርዱ ሹፌሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ ለቀቀው። ጣርማ በር ማለት ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን በስቶ መሿለኪያ የሠራበት፣ ከ3000 ሜትር በላይ የሆነ ቦታ ነው። «መጀመሪያ ፍሬኑ ሸተተ። ከዚያ ጨሰ። ከዚያ ፔዳሉ እንደ ጥጥ ሆነ። እኔ ዘልዬ ተረፍኩ። ሹፌሩን ደብረ ሲና ቀበርነው።»

የሚባል ነገር አልነበረንም።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና 400 ሜትር ቁልቁል ቢወርድ፣ ወደ ሙቀት የሚለወጠው ጉልበት ከ20 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍላት ይችላል። ያን ሁሉ ሙቀት አራት ትንንሽ የፍሬን ሸራ ብትጭኑበት ይቃጠላል። ሙቀቱ የፍሬን ዘይቱን እስኪያፈላው ከደረሰ ደግሞ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ዝቅ ያለ ማርሽ ከያዛችሁ ግን ሸክሙን ሞተሩ ይካፈላል። ለዚህ ነው የድሮ ሹፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት።

«አውቶማቲክም ማርሽ አለው» አሉ ጋሼ። «ዲ ላይ ጥለኸው ከወረድክ ራሱ ወደ ላይኛው ማርሽ ይሄድና ይለቅሃል። ሁለት አለው፣ ኤል አለው። ለጌጥ የተጻፉ እንዳይመስሉህ።»

እሑድ ጠዋት

በጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። መጽሐፉ ላይ የተጻፈውን የዘይት ዓይነት በወረቀት ገልብጬ፣ በሦስተኛው ሱቅ አገኘሁት። መጽሐፉ ከፕላስቲኩ የወጣው ያን ጊዜ ነው!

ስመለስ ጉድ ጠበቀኝ። የአጎቴ ልጅ ማታ ሙሉ የአደጋ መብራቱን እንዳበራ ረስቶት ኖሯል፤ ከውርጩ ጋር ተደምሮ ባትሪው ሞቷል። የሰፈሩ ጎረምሶች ተሰብስበው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» እያሉ ይገፋሉ። ጋሼ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። «ልጆች፣ ደብረ ብርሃን ድረስ ብትገፉት አይነሳም! አውቶማቲክ ነው!» በመጨረሻ ከአንድ ሚኒባስ ባትሪ በሽቦ ተነሳ።

እንዲህ ዓይነቱን መኪና ሌላ መኪና እንዲጎትተው ገመድ ማሰርም አደጋ አለው። ሞተሩ ጠፍቶ ጎማው ሲዞር የካምቢዮው ዘይት አይዞርም፤ ውስጡ ይበላል። ወይ ተጭኖ ነው የሚሄደው፣ ወይ መጽሐፉ እንዲህ አድርጉ ያለውን አድርጎ ነው።

ዘይቱ ተሞላ። መለኪያ ዘንግ ስለሌለው ጋሼ ሞተሩን አስነስተው፣ ዘይቱ ሞቅ ሲል ከጎን ያለውን ቡሎን ፈትተው ልኩን አዩ። ማታ በእጅ ባትሪ መጽሐፉን ገጽ በገጽ ከእኔ ጋር አይተውት ነበር። እንግሊዝኛውን እኔ አነበብኩ፣ ሥዕሉን እሳቸው አነበቡ።

አመሻሹ ላይ ሽማግሎቹ ከጎረቤላ ሲመለሱ ሚኒባሱን ጫጫ አስቁመው ወረዱ። ቤተሰቡ «እንምከርበት፤ በአሥራ አምስት ቀን ተመለሱ» ብሏል። ደንብ ነው። አባትየው ግን ገና ቡና ሳይፈላ «በምን መጣችሁ?» ብለው ጠይቀዋል። መምህሩ እውነቱን ነገሯቸው። የአጎቴ ልጅ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ምን አሉ?» አለ።

«ስቀው፣ ‹ጫጫ ላይ መቆም ያወቀ ልጅ መጥፎ አይደለም። መውረድ ሲያውቅ ይምጣ› አሉ» አሉት መምህሩ።

ዛሬ ቢሆንስ?

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። አሁን አዲስ ገዢ የሚያየው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። በአብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች የማርሽ ምርጫ የሚባል የለም፤ ፍሪሲዮንም የለም። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ራሱ መልሶ ባትሪ እየሞላ ይይዛችኋል። ደስ ይላል። ግን አንድ ነገር አትርሱ፤ ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ የሚሞላ ቦታ ስለማይኖር ያ መያዝ ይቀንሳል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን አድራችሁ መቶ በመቶ ሞልታችሁ ቁልቁለት አትጀምሩ።

ጋሼ የሚያመልኩት ሃርድ ቶፕ ላንድክሩዘር እንኳ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ይሄ የሰባዎቹ ዘር በማንዋሉ ነው የሚታወቀው። እ.ኤ.አ. በ2023 ግን ለሥራ የሚውለው ዓይነት ባለ 2.8 ሊትር ናፍጣ ሞተርና ባለ 6 ማርሽ አውቶማቲክ ይዞ ብቅ አለ። በስልክ ስነግራቸው ትንሽ ዝም ብለው «እሱም እግሩን አመመው ማለት ነው» አሉኝ።

እንግዲህ የምትገዙትን በፊቱ አትምረጡት። የምትወርዱበትን መንገድ አስቡ፤ የሚጠግንላችሁ ሰው የት እንዳለ አስቡ። አዲስ ነው ብላችሁ አትታለሉ። ጌጥ ካስገጠማችሁ ከሥሩ ምን እንደተነካ እዩ። በመጀመሪያው 1000 ኪሎ ሜትር አታስጨንቁት። ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት የቆመበትን መሬት እዩ፤ ጠብታ ካለ ቀለሙን ለዩ። ለሰሜን ሸዋ መንገድ ደግሞ፣ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ግጭት ከተነሳ ወዲህ ጸጥታውን ሳይጠይቁ መነሳት ደግ አይደለም።

አባትየው ደጅ

በአሥራ አምስተኛው ቀን፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ ያንኑ መኪና ይዘን ሄድን። የብረቱ መከላከያ ወልቋል። ጫጫ ላይ ቆመን ጋሼን ሰላም አልን፤ ከሥሩ አይተው «ደረቅ ነው፤ ሂዱ» አሉን። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚወስደው መንገድ መጀመሪያ ደጋውን ይወጣና ከዚያ ገደሉ አፍ ላይ ያደርሳችኋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ቆላ ከጭጋጉ ሥር ተዘርግቶ ሲታይ ነፍስ ትርቃለች። የአጎቴ ልጅ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ዳር ይዞ ቆመ። ማርሹን ሁለት ላይ አደረገ፣ ቀጥ ባለው ላይ ኤል። ፍሬኑን ነካ ያደርግና ይለቃል፤ እግሩን አይጭንበትም። ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን በእርምጃ ነው የሚወርደው። ከኋላችን የቸኮለ አይሱዙ ጥሩንባውን ነፋብን። አሳለፍነው። ቄሱ ይሄኔም «እግዚአብሔር ይርዳው» አሉ። አሁን ማንን እንደሆነ ገባኝ።

ደጁ ስንደርስ የአጎቴ ልጅ እንደ ደንቡ መኪና ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ቀረ። አባትየው ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። ሽማግሎቹን ሰላም ካሉ በኋላ ወደ ቤት አልመሯቸውም። ወደ መኪናው መጡ። ጎንበስ ብለው እጃቸውን ወደ ፊተኛው ቸርኬ አስጠጉ። ዞረው ወደ ሌላኛው። አራቱንም እንዲያ አደረጉ። አልጋለም።

በመስኮቱ በኩል «በስንት ወረድክ?» ብለው ጠየቁት።

«በሁለት፣ አባባ። አንዳንድ ቦታ በኤል።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ሽማግሎቹ ዞሩ። «ግቡ» አሉ። ጥቂት ከተራመዱ በኋላ ዞር ብለው «አንተ ደንቡ ነውና እዚያው ቆይ፤ ሻይ ይመጣልሃል» አሉት።

ሻዩን ያመጣችው ማን እንደሆነች ለእናንተ ልተወው። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። ቸር እንሰንብት!